የወንጭፍ ድንጋይና የአየር ተቃውሞ

በቆላማው የአገራችን ክፍል የማሽላው እሸት መጠንከር በጀመረ ጊዜ ወጣቶች በማሳው መካከል በተሠራው ማማ ላይ ወጥተው ግሪሳንና ዝንጀሮን ሲከላከሉ መዋላቸው ለማንም የተሰወረ አይደለም። መሣሪያቸውም ከጩኸትና ከጅራፍ ቀጥሎ ወንጭፍ ነው። ስለ ወንጭፍ የሚጽፉ ተመራማሪዎች ገመዱ ከምን እንደ ተጎነጎነ፣ ርዝመቱ ስንት ክንድ እንደ ሆነ፣ በየትኛው ጣት ላይ እንደሚጠለቅና የትኛው ጫፍ እንደሚለቀቅ በትጋት ይመዘግባሉ። ስለሚወረወረው ድንጋይ ግን ብዙውን ጊዜ «ማንኛውም ጠጠር» ከማለት በቀር የሚሰጡት ቃል የለም። ለሙዚየም የሚሰበሰበውም ወንጭፉ እንጂ ድንጋዩ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ድንጋዩ ከገመዱ ያላነሰ መመዝገብ የሚገባው መሆኑን ማስረዳት ነው፤ ምክንያቱም የሚገኘው በአየር ውስጥ የሚሄድ ነገር ሁሉ በሚገጥመው ተቃውሞ ላይ ነው።

ወደዚህ ጥያቄ የመራኝ የራሴ ስሕተት ስለ ሆነ ከእርሱ ልጀምር። ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ገና ተማሪ ሳለሁ፣ አንድ ሽማግሌ ስለ ወንጭፍ ጠይቄአቸው ነበር። እርሳቸውም አውራ ጣት ጫፍ የምታህል ጠጠር ከወዲያኛው የማሳ ዳር እንደማትደርስ፣ የዶሮ እንቁላል የሚያህለው ድፍን ድንጋይ ግን በዚያው ክንድና በዚያው ገመድ ሲወረወር ሸለቆውን ተሻግሮ እንደሚያርፍ ነገሩኝ። ምክንያቱን ብጠይቃቸው «ልጄ፣ ትንሿን ነፋስ ይበላታል» አሉኝ። እኔም በትምህርት ቤት የተማርሁትን ቀመር አስታውሼ፣ የድንጋዩ ትልቅነት በርቀቱ ላይ ምንም ሥልጣን እንደሌለው እርግጠኛ በመሆኔ፣ ቃላቸውን በማስታወሻዬ ውስጥ «ስለ ድንጋይ ያለ እምነት» በሚል አርእስት ሥር ጻፍሁት። ቀመሩ ስሕተት አልነበረበትም። ያለቦታው ያዋልሁት እኔ ነኝ።

ቀመሩ የጋሊሌዎ ነው። ጋሊሌዎ በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተወረወረ ነገር ሁለት እንቅስቃሴዎች በአንድነት እንዳሉት አስረዳ። አንደኛው ሳይጨምርና ሳይቀንስ በአግድም የሚቀጥለው ጕዞ ነው፤ ሁለተኛው ከቅጽበት ወደ ቅጽበት እየፈጠነ ወደ ምድር የሚሄደው ውድቀት ነው። የሁለቱ ድምር ፓራቦላ የሚባለውን ቀስት መሳይ መሥመር ይሰጣል። የመውደቅ ፍጥነት በትልቁም በትንሹም ዘንድ እኩል ስለ ሆነ በዚህ ስሌት ውስጥ የድንጋዩ ክብደት ከቶ አይገባም። በ45 ዲግሪ ለተወረወረ ነገር ርቀቱን ለማግኘት የመነሻ ፍጥነቱን በራሱ አባዝቶ ለ9.81 ማካፈል ብቻ ይበቃል። በሰከንድ 40 ሜትር ፍጥነት የተለቀቀ ድንጋይ እንግዲህ 163 ሜትር ይሄዳል፤ ጠጠርም ቢሆን፣ እንቁላል የሚያህልም ቢሆን።

ይህ እውነት የሚሆነው አየር በሌለበት ቦታ ነው። ጋሊሌዎ ራሱ ይህን አልሸሸገም። የነገሮች ቅርጽ፣ ክብደትና ፍጥነት እጅግ የተለያየ ስለ ሆነ አየሩ የሚያደርሰውን ማወክ በአንድ የጸና ሕግ ሥር ማድረግ እንደማይቻል በዚያው መጽሐፍ ጽፏል። ከእርሱ በኋላ የመጡት የመማሪያ መጻሕፍት ግን ቀመሩን ጠብቀው ማስጠንቀቂያውን ጣሉት፤ እኔም የወረስሁት እንዲህ ተቈርጦ የደረሰኝን ነው።

አየር በተወረወረ ነገር ላይ ምን ያደርጋል የሚለው ጥያቄ ከጋሊሌዎ እጅግ የቀደመ ነው። አርስቶትል ድንጋዩ ከእጅ ከወጣ በኋላ ወደ ፊት የሚነዳው አየሩ ራሱ ነው ብሎ ነበር። በስድስተኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ ያስተምር የነበረው ዮሐንስ ፊሎፖኖስ ይህን ተቃውሞ፣ ወርዋሪው ለድንጋዩ ኀይል እንደሚያሳድርበት፣ አየሩም የሚያግደው እንጂ የሚረዳው አለመሆኑን አስረዳ። በ1537 ደግሞ ኢጣሊያዊው ኒኮሎ ታርታልያ የመድፍ ጥይት መንገድ ይህን ይመስላል ሲል በመጀመሪያ ቀጥ ያለ መሥመር፣ ቀጥሎ የክብ ቁራጭ፣ በመጨረሻም ቁልቁል የሚወርድ መሥመር አድርጎ ሣለው። የጋሊሌዎ ፓራቦላ ከታወቀ በኋላ በዚህ ሥዕል ያልሣቀ የለም። ይሁን እንጂ በአየር ውስጥ በታላቅ ፍጥነት የሚሄድ ጥይት ሲወጣ ዝግ ብሎ ይጎብጣል፤ ሲወርድ ግን በዳገተ ገደል እንደሚወድቅ ያህል ወደ ታች ያዘነብላል። በዚህ ነገር የታርታልያ ሥዕል፣ ምክንያቱ ባይታወቅለትም፣ ከንጹሑ ፓራቦላ ይልቅ ለዐይን ምስክርነት የቀረበ ነበር።

ተቃውሞውን ወደ ስሌት ያመጣው ኒውተን ነው። በ1687 ባወጣው ታላቅ ሥራው ሁለተኛ መጽሐፍ ውስጥ ተቃውሞው በፍጥነቱ ካሬ ልክ እንደሚያድግ አሳየ። ነገሩ ሲታሰብ ግልጽ ነው። ድንጋዩ ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን በአንድ ሰከንድ ውስጥ የሚያገኘው አየር እጥፍ ይሆናል፤ እያንዳንዱን የአየር ክፍልም ከፊቱ የሚገፋው በእጥፍ ፍጥነት ነው፤ ስለዚህ ተቃውሞው አራት እጥፍ ይሆናል። በ1710 በሎንዶን በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ከ220 ጫማ ከፍታ የመስተዋት ኳሶች ተጥለው የመውደቂያቸው ጊዜ ተለካ፤ ኒውተንም ውጤቱን በመጽሐፉ ሁለተኛ እትም አገባው። ለብናኝና ለጉም ጠብታ ሌላ ሕግ አለ፤ ጆርጅ ስቶክስ በ1851 የገለጸው ሲሆን በዚያ ተቃውሞው ከፍጥነቱ ጋር እኩል እንጂ በካሬው አያድግም። ለወንጭፍ ድንጋይ የሚሠራው የኒውተን ሕግ ነው።

ነገር ግን የመድፈኞቹን እምነት የሰበረው እንግሊዛዊው ቤንጃሚን ሮቢንስ ነበር። በ1742 ባሳተመው መጽሐፍ የጥይትን ፍጥነት የሚለካበትን የተንጠለጠለ ሰሌዳ ገለጠ። ጥይቱ ሰሌዳውን ሲመታው ሰሌዳው ወደ ኋላ ይወዛወዛል፤ ከውዝወዛውም ስፋት ፍጥነቱ ይሰላል። የጠመንጃ እርሳስ ገና ከአፈ ሙዙ ሲወጣ የሚገጥመው የአየር ተቃውሞ ከራሱ ክብደት ከመቶ ጊዜ በላይ መሆኑ በዚህ መንገድ ተገኘ። በፓራቦላ ስሌት 26 ኪሎሜትር ሊሄድ የሚገባው የመድፍ ጥይት በእውነቱ 5 ኪሎሜትር አይሞላም ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ታላቁ የሒሳብ ሊቅ ኦይለር የሮቢንስን መጽሐፍ ወደ ጀርመንኛ መልሶ ሰፊ ሐተታ ጨመረበት። ሊቃውንቱ አየርን እንደ ኢምንት መቁጠር የተዉት ከዚህ ወዲህ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ማሳው እንመለስ። የዶሮ እንቁላል የሚያህል፣ ውፍረቱ 4 ሴንቲሜትር የሆነ ድብልብል ድንጋይ 90 ግራም ያህል ይመዝናል። በሰከንድ 40 ሜትር ፍጥነት ሲለቀቅ በባሕር ጠረፍ አየር ውስጥ የሚገጥመው ተቃውሞ የክብደቱን ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። ይህም ማለት ድንጋዩ ወደ ምድር የሚስበው ክብደቱ ብቻ ሳይሆን ወደ ኋላ የሚጎትተው ሌላ ክብደት መሰል ኀይል አብሮት ይሄዳል ማለት ነው። መንገዱ ደረጃ በደረጃ ሲሰላ 163 ሜትር የነበረው ርቀት ወደ 110 ሜትር ይወርዳል። ከፍታው ከ41 ሜትር ወደ 33 ሜትር ዝቅ ይላል። ጫፍ ላይ የሚደርሰው በርቀቱ እኩሌታ ላይ ሳይሆን ጥቂት አለፍ ብሎ፣ 60 ሜትር ከሄደ በኋላ ነው። ወደ ላይ በ45 ዲግሪ የወጣው ድንጋይ ሲወርድ 54 ዲግሪ ያህል አዘንብሎ፣ በሰከንድ 28 ሜትር ብቻ እየሄደ ምድር ይነካል።

የአውራ ጣት ጫፍ የምታህለው፣ ውፍረቷ 2 ሴንቲሜትር የሆነች ጠጠርስ? ውፍረቷ እኩሌታ ስለ ሆነ ለአየር የምትሰጠው ፊት የትልቁ አራተኛ እጅ ነው። ክብደቷ ግን የትልቁ ስምንተኛ እጅ ብቻ ነው፤ ወርድ፣ ቁመትና ጥልቀት ሦስቱም በእኩሌታ ቀንሰዋልና። እንግዲህ ተቃውሞውን ለክብደት ስናካፍለው በትንሿ ላይ እጥፍ ይሆናል፤ ጕዞዋን የምትጀምረው ከራሷ ክብደት በሚበልጥ ጎታች ኀይል ተይዛ ነው። ያው ክንድ ያንኑ ፍጥነት ቢሰጣት እንኳ ከ90 ሜትር በታች ትቀራለች። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ20 ሜትር በላይ ነው፤ ይህም አንድን የማሽላ ማሳ ለመሻገርና ላለመሻገር በቂ ነው። «ነፋስ ይበላታል» የተባለውም ይኸው ነው። እኔ እምነት ብዬ የመዘገብሁት ነገር በየዓመቱ በሺህ ውርወራ የተፈተነ ዕውቀት ነበር።

ገበሬው ይህን የክብደትና የፊት ስፋት ንጽጽር የሚያውቀው ከወንጭፍ ብቻ አይደለም። በአውድማ ላይ ምርቱን በመንሽና በላይዳ ወደ ነፋሱ ሲያዘራ ፍሬው ቅርብ ይወድቃል፣ ገለባው ራቅ ይላል፣ እብቁ ከሁሉ ርቆ ይሄዳል። ሦስቱም የተነሡት ከአንድ ላይዳ በአንድ ፍጥነት ነው። የለያቸው ለአየሩ የሰጡት ፊት ከክብደታቸው ጋር ያለው ልክ ነው። ነፋሱ ገለባውን ይዞ ሲሄድና የቆመ አየር ጠጠሯን ሲያዘገያት ሥራው አንድ መሆኑን ማስተዋል ይገባል፤ ተቃውሞው የሚቆጠረው ድንጋዩ ከምድር አንጻር ባለው ፍጥነት ሳይሆን ከአየሩ አንጻር ባለው ፍጥነት ነውና።

እንዲህ ከሆነ ድንጋዩ እየተለቀ በሄደ ቍጥር ርቀቱም ሳያቋርጥ ይጨምራል ወይ የሚል ጥያቄ ይነሣል። አይጨምርም። ድንጋዩ ከመጠን በላይ ሲከብድ ክንድ ሊሰጠው የሚችለው ፍጥነት ይቀንሳልና። አየሩ ትንሹን ይቀጣል፣ ክንዱ ትልቁን ይከለክላል፤ ወንጭፈኛው የሚመርጠው ድንጋይ በሁለቱ መካከል የሚገኘውን ነው። የዚህ ምርጫ ጥንታዊ ምስክር ዜኖፎን ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ401 ዓመት ዐሥር ሺህ ያህል የግሪክ ወታደሮች ከመስጴጦምያ ወደ አገራቸው ሲያፈገፍጉ የፋርስ ወንጭፈኞች አስጨነቋቸው። ዜኖፎን አናባሲስ በተባለው መጽሐፉ እንደሚተርከው፣ ከሠራዊቱ መካከል የሮድስ ደሴት ሰዎች ተመርጠው ወንጭፈኞች ሆኑ፤ ጥይታቸውም ከፋርሶቹ እጥፍ ይርቅ ነበር። ምክንያቱንም ራሱ ይሰጣል፤ ፋርሶች እጅ የሚሞላ ድንጋይ ሲጠቀሙ ሮድሳውያን በእርሳስ ጥይት መጠቀም ያውቁ ነበር።

ይህን ምስክርነት አንዳንዶች ሙሉ በሙሉ ለአየር ተቃውሞ ይሰጡታል፤ እኔ ግን እንዲህ ማድረግ ያስቸግራል እላለሁ። እርሳስ ከድንጋይ አራት እጥፍ ያህል የታፈገ ስለ ሆነ 90 ግራም የሚመዝን የእርሳስ ጥይት ውፍረቱ ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ብቻ ነው፤ ለአየር የሚሰጠውም ፊት እኩል ክብደት ካለው ድንጋይ ከእኩሌታ ያንሳል። ይሁን እንጂ ሁለቱም በአንድ ፍጥነት ቢለቀቁ ድንጋዩ 110፣ እርሳሱ 135 ሜትር ያህል ይሄዳሉ፤ እጥፍ አይሆንም። የቀረው ልዩነት የመጣው እጅ የሚሞላው የፋርሶች ድንጋይ እጅግ ከባድ በመሆኑ ክንዳቸው በቂ ፍጥነት ሊሰጠው ባለመቻሉ ይመስለኛል። የእርሳስ ጥቅሙ እንግዲህ ሁለት ነው፤ ለክንድ የሚመች ክብደት ሳይበዛ፣ ፊቱ ጠባብ መሆኑ።

ጦርን በዚሁ ሚዛን ብንመለከተው አሠራሩ በይበልጥ ይገባናል። ፊት ለፊት ሲታይ ከአንዲት ጠጠር እምብዛም የማይሰፋ ሆኖ ክብደቱ ግን ከጠጠሯ በብዙ ዐሥር እጥፍ ይበልጣል፤ ስለዚህ በሰው ክንድ ፍጥነት ሲሄድ አየሩ የሚያዘገየው እጅግ ጥቂት ነው። ይህ የሚሆነው ጫፉ ወደ ፊት እንዳለ ሲሄድ ብቻ ነው። ጐኑን ለአየር የሰጠ ጦር ፍጥነቱንም አቅጣጫውንም ያጣል፤ ብረቱ ከፊት መሆኑ ከመውጋት ሌላ ይህን ጥቅም ይሰጣል። በፈረስ ጉግስ የሚወረወረው ዘንግ ብረት የሌለውና ቀላል በመሆኑ ከጦር ይልቅ ቶሎ ይደክማል፤ ለጨዋታ የተመረጠ ነገር እንደ መሆኑ ይህ ጕድለት አይባልም።

ስለ ልስላሴ አንድ ነገር ማከል ያስፈልጋል። ዳዊት ጎልያድን ለመግጠም ሲወጣ ከወንዝ አምስት ድንጋዮች መምረጡን ሁሉም ያውቃል። የወንዝ ድንጋይ በውኃ የታጠበ ለስላሳ ስለ ሆነ አየሩን በቀላሉ ይሰነጥቃል የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። የጎልፍ ተጫዋቾች በአገልግሎት የተቦጫጨሩ ኳሶች ከአዲሶቹ ይልቅ እንደሚርቁ አይተው ነው በኳሱ ላይ ጐድጓዳ ነጥቦች የተደረጉት። ጀርመናዊው ሉድቪግ ፕራንትል በ1914 እንዳስረዳው ሻካራ ገጽ በኳሱ ላይ የሚሄደውን ስስ የአየር ሽፋን ያውከዋል፤ የታወከው ሽፋንም ወደ ጀርባ ጠልቆ ስለሚጣበቅ ከኋላ የሚቀረው የሚጎትት ባዶ ቦታ ይጠባል። በወንጭፍ ፍጥነትም ቢሆን የድንጋይ ሻካራነት ተቃውሞውን ሊቀንስ ይችላል። የወንዝ ድንጋይ ብልጫ ከልስላሴው ይልቅ ድብልብል በመሆኑ ላይ ነው፤ ከወንጭፉ ሲለቀቅ አይያዝም፣ አንዱ ከሌላው ስለሚመሳሰልም እጅ የለመደውን ልክ ደጋግሞ ያገኛል።

በእኛ አገር ሊዘነጋ የማይገባው ሌላ ነገር ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየሯ ከቀይ ባሕር ጠረፍ አየር ከአምስተኛ በላይ፣ ከሩብ ባነሰ መጠን የሳሳ ነው። ያ በጠረፍ 110 ሜትር የሄደው እንቁላል አከል ድንጋይ በአዲስ አበባ ከፍታ 120 ሜትር ያህል ይደርሳል። የማሽላ ማሳ የሚገኝበት ቆላና ወይና ደጋ በሁለቱ መካከል ይውላል። እንግዲህ በሜዲትራንያን ደሴቶች ስለተለካ የወንጭፍ ርቀት የተጻፈውን ከደጋ ሰው ውርወራ ጋር አስተያይቶ የአንዱን ሕዝብ ክንድ ከሌላው የሚያበልጥ ጸሓፊ አስቀድሞ የአየሩን ልዩነት መቀነስ አለበት።

ስለዚህ በመስክ ጥናት ላይ ያለ ተማሪ ወንጭፈኛው ከኪሱ ወይም ከማማው ሥር ካከማቸው ክምር ውስጥ የተወሰኑ ድንጋዮችን ለምኖ ይመዝን፤ ውፍረታቸውንም በሦስት አቅጣጫ ይለካ። የተጣሉትንም ይመልከት፤ ወንጭፈኛው አንሥቶ የመለሰው ድንጋይ ከመረጠው ያላነሰ ያስተምራል። የቦታውን ከፍታና የነፋሱን አቅጣጫ ይጻፍ። ከዚያም ርቀቱን በሜዳ ላይ በሜትር፣ በአየር ላይ የቆየበትንም ጊዜ በሰዓት ይለካ።

ጊዜውን መለካት ትርፍ ነገር አይደለም። ድንጋዩ 110 ሜትር መሄዱን ብቻ የሚያውቅ ተመራማሪ በፓራቦላው ቀመር ወደ ኋላ ቢያሰላ የመነሻ ፍጥነቱ በሰከንድ 33 ሜትር ነው ይላል፤ እውነተኛው 40 ሆኖ ሳለ። ፍጥነት ለኀይል ሥራ የሚቆጠረው በካሬው ስለ ሆነ ከወንጭፈኛው ክንድ ሥራ አንድ ሦስተኛውን ያህል ይሰርቀዋል ማለት ነው። አየሩ ርቀቱን ሲያሳጥር ጊዜውን ግን ያን ያህል አያሳጥረውም፤ በምሳሌያችን ርቀቱ ከሦስት አንድ እጅ ያህል ሲቀንስ ጊዜው ከ5.8 ወደ 5.2 ሰከንድ ብቻ ይወርዳል። ስለዚህ በ45 ዲግሪ ከተወረወረው ድንጋይ ጊዜ በመነሣት የሚሰላው ፍጥነት 36 ሜትር ይሆናል። አየር ባይኖር ከርቀትና ከጊዜ የተገኙት ሁለቱ ፍጥነቶች በተስማሙ ነበር። 33ና 36 አለመስማማታቸው የተቃውሞው ምልክት ነው፤ የድንጋዩ ክብደትና ውፍረት ከታወቀም ከዚህ ልዩነት ተነሥቶ የመጀመሪያውን ፍጥነት ማግኘት ይቻላል። እኔ ከሽማግሌው ዘንድ ያገኘሁትን ቃል እንዲህ ለማስላት ብፈልግም አልተቻለኝም፤ በማስታወሻዬ ውስጥ የገመዱ ርዝመት በሴንቲሜትር ተጽፏል፣ ስለ ድንጋዩ ግን «ጠጠር» ከሚል ቃል በቀር የለም።